ማይኩን ሰጣችኋቸው፣ ጥያቄውን ነፈጋችኋቸው

የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪዎች፣ የአማርኛና የሥነ ዜጋ መምህራን፣ ርእሳነ መምህራን፤ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። በዳንግላም በእንጅባራም በአዘናም ያላችሁ ብትሰሙት እሰየው፤ እኔ ግን የምጀምረው ከገዛ ቤቴ፣ ከግምጃ ቤት ከተማ ነው። ወረዳችን አንከሻ ጓጉሳ ከሌላው ስለከፋ አይደለም። የገዛ ቤቱን ሳይወቅስ የጎረቤቱን የሚወቅስ ሰው ስለማይደመጥ ነው።

በደላችሁን ልንገራችሁ። ልጆቹን ዜና ማንበብ አስተማራችኋቸው፤ ለዜና መመለስን አላስተማራችኋቸውም። ማይክ አያያዝ፣ ድምፅ አወጣጥ፣ ትንፋሽ አቆጣጠር አሳያችኋቸው። የተነገረውን ነገር መርምሮ፣ ጠይቆ፣ ቢያስፈልግ በደብዳቤ ተቃውሞ ወይም አስተካክሎ መልስ መስጠት የሚባል ነገር መኖሩን ግን ከነመፈጠሩ ደበቃችኋቸው። ከዚያ ልጆቹ ስልክ ሲይዙ በየዜናው ሥር የሚጽፉትን አይታችሁ «የዘንድሮ ትውልድ!» ብላችሁ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። የማን ልጆች ናቸው? ማን አስተማራቸው?

የጠዋቱን ሰልፍ አስቡት። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሏል፣ መዝሙሩ አልቋል፣ ቅዝቃዜው ገና አልለቀቀም። ከቢሮው ደጃፍ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ ድምፁን ከደረቱ እየሳበ፣ የቴሌቪዥኑን ሰው አነጋገር ቁጭ እያደረገ። በእጁ የያዘው ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ነው። ማታ ከስልክ ላይ የገለበጠውን ያነበንባል። «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመለከተ»፣ «ኃላፊው አስታወቁ»። ማን ገለጸ? ለማን ገለጸ? ኃላፊው በምን አወቁ? ልጁ አያውቅም። በሰልፉ ላይ ከቆሙት ተማሪዎች አንድም ሰው አይጠይቅም፤ ቢጠይቅማ ከሰልፉ ተጎትቶ ይወጣል። ዜናው ያልቃል፣ «የዕለቱ አባባል» ይከተላል፣ ግጥም ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ደወል ይደወላል። እናንተም ልጁን ጠርታችሁ «ጎበዝ! ድምፅህ ለጋዜጠኝነት የተፈጠረ ነው» ትሉታላችሁ።

ለድምፁ አመሰገናችሁት። ስለ ይዘቱ አንድ ቃል አልተነፈሳችሁም። ልጁ ከዚያች ቀን የወሰደው ትምህርት ጋዜጠኛ ማለት በሚያምር ድምፅ የሌላውን ሰው ቃል የሚያስተላልፍ ነው የሚል ነው። በድሮው ጊዜ ዐዋጅ ነጋሪው ነጋሪት አስጎስሞ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። የእርሱ ሥራ ዐዋጁን ማድረስ ብቻ ስለነበር አይወቀስም። እናንተ ግን በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን፣ «የጋዜጠኝነት ክበብ» የሚል ማኅተም ባለበት ቤት ውስጥ፣ ዐዋጅ ነጋሪ እያሠለጠናችሁ ጋዜጠኛ አፈራን ትላላችሁ።

ሳልረሳው አንድ ነገር ልጨምር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን የተተከለ ጊዜ ትዝ ይላችኋል። ያን ጊዜ ተማሪ የነበራችሁ ዛሬ አስተማሪ ናችሁ። እጅ ቢያወጡለት የማያይ፣ «አልገባኝም» ቢሉት የማይሰማ መምህር ከግድግዳው ላይ ሆኖ ይናገራል፤ ክፍሉ ዝም ብሎ ይገለብጣል፤ ሰዓቱ ሲሞላ ምስሉ ይጠፋል። ያን ሥርዓት ስታማርሩ ኖራችሁ፣ ዛሬ የሚኒ ሚዲያውን ድምፅ ማጉያ ልክ እንደዚያ አድርጋችሁ ሰቀላችሁት።

ለዜና መልስ መስጠት ምን እንደሆነ «በካሪኩለሙ የለም» እንዳትሉኝ በአንድ ዜና ላሳያችሁ፤ ያውም ከልጆቹ ሕይወት ሩቅ ባልሆነ ዜና።

ጥር 2015 ላይ ትምህርት ሚኒስቴር የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ አደረገ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የተሰጠበት ዓመት ነበር። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ሆኑ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። አገር ደነገጠ። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያም ዜናው ተነበበ፤ ከተነበበ በኋላ ምን ሆነ? አንዱ «ያሳፍራል» አለ፣ ሌላው «ሰነፍ ትውልድ» አለ፣ ሦስተኛው «ሆን ተብሎ ነው» አለ። ሁሉም ፈረደ፤ የጠየቀ ግን የለም።

አንድ የጋዜጠኝነት ክበብ አባል በዚያ ጠዋት እንዲህ ማለት ነበረበት። 1,161 ትምህርት ቤት ከስንት ውስጥ ነው? መልሱ ከ2,959 ነው፤ ስለዚህ ከአሥሩ አራት ያህሉ ማለት ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ከእነዚያ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ያለ እንደሆነ ርእሰ መምህሩ ምን ይላሉ? የሌለ እንደሆነስ ስንት ተማሪ አሳለፍን፣ በየትኛው ትምህርት? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር ዓመቱን ሙሉ ነበረ ወይስ ክፍለ ጊዜው ባዶ ነበር? ቤተ ሙከራው በዓመት ስንት ቀን ተከፈተ? እነዚህን ለመጠየቅ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ከማይኩ እስከ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ያለው መንገድ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም።

ዜናው በዚያ ዓመት አላበቃም። የ2015 ተፈታኞች ውጤት 3.2 በመቶ ሆነ። የ2016ቱ 5.4 በመቶ ሲባል «ተሻሻለ» ተብሎ ተነበበ። እውነት ነው፣ መቶኛው ከፍ ብሏል። ነገር ግን በዚያው መግለጫ ውስጥ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,328 ወደ 1,363 አድገዋል። መቶኛው እያደገ ባዶ የወጡት ትምህርት ቤቶች የሚበዙት እንዴት ነው? ያለፉት ልጆች በየት ተከማችተው ነው? በዚያ ዓመትስ በእኛ በአማራ ክልል በጦርነቱ ምክንያት ከፈተናው ጠረጴዛ መድረስ ያልቻለው ልጅ በየትኛው ቁጥር ውስጥ ተቆጠረ? ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ይህን የሚጠይቅ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ካላችሁ እርሱን ጋዜጠኛ በሉት፤ ድምፁ ቢሰነጠቅም ግድ የለም።

የአገሪቱን የጋዜጣ ታሪክ ለልጆቹ የነገራችኋቸው አይመስለኝም እንጂ ለዚህ አባት አላቸው። ጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ መደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ይህ ሰው ግን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል ዓምድ ከፍቶ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣውን የአንባቢ ደብዳቤ ተቀብሎ ይመልስ ነበር። የዓምዱን ስም አስተውሉ። «አንድ አስተያየት አለኝ» አላለም፤ «አንድ ፍርድ አለኝ»ም አላለም። አንባቢው ከዘበኛ እስከ ባለሥልጣን በጥያቄ እንዲመጣ አድርጎ ነው በሩን የከፈተው። እናንተ ዲግሪ ያላችሁ፣ ከፊላችሁ ማስተርስ የያዛችሁ፣ በትምህርት ቤታችሁ ግድግዳ ላይ አንዲት የጥያቄ ሣጥን እንኳ አልሰቀላችሁም። የሰቀላችሁም ካላችሁ ቁልፉ የት እንዳለ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ስለ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው፣ ምን ይህን ያህል ያስቆጣል የሚል ካለ ወደ ጎረቤታችን ልውሰደው።

ጥቅምት 2011 ላይ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ አዲስ ዓለም በምትባል ከተማ በትምህርት ቤት ልጆች ጤና ላይ ጥናት ሊያደርጉ የመጡ ሁለት ተመራማሪዎች በድንጋይ ተወግረው ተገደሉ። ምክንያቱ ወሬ ነበር። «ልጆቻችንን መርዝ እየወጉ ነው» ተባለ፣ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሮጠ፣ ሕዝቡ ወጣ። ማን አየ? መርፌው የት አለ? የታመመው ልጅ የማን ነው? ሰዎቹ የያዙት ደብዳቤ ምን ይላል? አራት ጥያቄ ነው፤ አራቱንም ለመመለስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ግማሽ ሰዓት የሚታገሥ ሰው ግን አልተገኘም፤ ቢገኝም ድምፁ አልተሰማም። ከአዲስ ዓለም እስከ አዊ ዞናችን ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። እዚያ የሆነው እዚህ የማይሆንበት ምክንያት ካላችሁ ንገሩኝ፤ እኔ አላየሁም።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ በክልሉ ዋና ከተማ፣ ተማረ በሚባለው ሰው መንደር ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። በመስከረም 2014 መጨረሻ ፎቷቸውና ስማቸው በፌስቡክ ላይ ወጣ፤ ትግራዊነታቸው እንደ ወንጀል ተቆጥሮ ከባድ ክስ ተለጠፈባቸው። ገጹ ብዙ ሺህ ተከታይ ነበረው። ሥሩ ላይ የጻፈው ሰው፣ ላይክ ያደረገው ሰው፣ ሼር ያደረገው ሰው ፊደል የቆጠረ ነው፤ የገጹ ስም ራሱ የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኞች ስም የሚጠራ ነበር። ጥቅምት 24፣ 2014 ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ታኅሣሥ 2015 ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሰሰ፤ መጋቢት 2017 ላይም የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። የውጭው ኩባንያ ድርሻውን ፍርድ ቤት ይየው። እኔ የምጠይቀው ስለ ሌላው ድርሻ ነው። ያን ጽሑፍ አይቶ «ይህን ያለው ማን ነው? ማስረጃው የት አለ? ሰውየው ራሳቸው ምን ይላሉ?» ብሎ ከሥሩ የጻፈ ስንት ሰው ነበር? ይህን መጠየቅ ከየትኛው ትምህርት ቤት ተምረው ነበር የሚጠይቁት? ከእናንተ?

«ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የሚለውን በየዓመቱ በምሳሌያዊ አነጋገር ክፍለ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትጽፉታላችሁ። ተማሪው ትርጉሙን ጽፎ አምስት ከአምስት ያገኛል። ማጣራት እንዴት እንደሚደረግ ግን አንድም ቀን አላሠራችሁትም። ምሳሌውን በቃሉ የያዘ ልጅ ከክፍል ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆሞ ያላጣራውን ወሬ በቴሌግራም ለሃምሳ ሰው ያስተላልፋል።

ያላስተማራችሁትን ደግሞ ሕጉ ሊያስተምረው ይመጣል፤ እርሱ የሚያስተምረው በእስር ቤት ነው። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያ ዐዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰት መሆኑን እያወቀ ያሰራጨውን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ሐሰት መሆኑን ማወቅ ይገባው የነበረውንም ጭምር ነው። ሁከት ወይም ግጭት ሊያስነሳ የሚችል የሐሰት መረጃ ያሰራጨ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል፤ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ያደረገው እንደሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። ዐዋጁን የምወድበትም የምሰጋበትም ምክንያት አለኝ፤ ዛሬ ጉዳዬ እርሱ አይደለም። «ማወቅ ይገባው ነበር» የሚለው ቃል ግን እናንተን ይመለከታል። ልጁ ማወቅ ይገባው ከነበረ፣ ማሳወቅ የሚገባው ማን ነበር?

ሰበባችሁን አውቀዋለሁ፤ ሰምቼዋለሁ። የመጀመሪያው «ጊዜው አስፈሪ ነው፣ ጥያቄ ያስጠይቃል» የሚለው ነው። ይህን አላቃልልም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ምን ውስጥ እንደገባ ግምጃ ቤት ላለ መምህር አይነገርም። የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ደመወዝ የዘገየበትና ነፍሱን ለማትረፍ የተሸሸገ መምህር አለ። ልጆቹን ጦር ሜዳ ወስዳችሁ አስጠይቁ አላልኩም፤ ያን የሚል ሰው ራሱ ይሂድ። ነገር ግን ያ ጊዜ ያስተማረንን ልብ በሉ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ወሬው አልጠፋም፤ በገበያ ቀን በድንች ጆንያ አጠገብ፣ በመናኸሪያ፣ በጠላ ቤት፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከበፊቱ በበለጠ ፈጠነ። «እገሌ ከተማ ተያዘ፣ እገሌ ተገደለ፣ ነገ መንገድ ይዘጋል» በሚባልበት ሰዓት ነው «ማን አየ?» የሚል ልጅ በየቤቱ የሚያስፈልገው። አስፈሪ ጊዜ ነው ብላችሁ ጥያቄን ካስቀራችሁ፣ ልጁን ባዶ እጁን ለወሬ ሰጣችሁት።

ደግሞስ ስለ ቦኖ ውኃው ወረፋ መጠየቅ ማንን ያስፈራል? የደከረንስ ዛፍ ላይ በሽታ ወርዶ ገበሬው ከከሰሉ ያገኘው የነበረው ገቢ ሲናጋ፣ የአባታቸው ማሳ ላይ ስላለው ዛፍ ልጆቹ የግብርና ባለሙያውን ቢጠይቁ ማን ይቆጣል? ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ዜናችሁ በየዓመቱ «በደማቅ ሁኔታ ተከበረ» የሚል ነው። የፈረሰኞቹ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ፣ በዓድዋ የዘመተውን ፈረስና ፈረሰኛ የሚዘክር ትልቅ ነገር ነው፤ ለእርሱ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ያውም ካቻምና የተነበበው። አንድ ደህና ፈረስ ዛሬ ስንት ይሸጣል? ከበዓሉ ማግስት ፈረሱ ምን ይበላል? የግጦሹ መሬት ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት ከነበረው ስንት ቀረ? የዘንድሮው ወጣት ገንዘብ ቢያገኝ ፈረስ ይገዛል ወይስ ባጃጅ? አንዱን አባት ፈረሰኛ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ ይህን የጠየቀ ልጅ፣ ከባሕር ዳር በካሜራ መጥቶ የመድረኩን ንግግር ቀርጾ ከሄደው ባለሙያ የተሻለ ዜና ይዞ ይመለሳል። ይህን ለማድረግ ፈቃድ የሚከለክል ሰው የለም። የከለከላችሁት እናንተ ናችሁ፣ በስንፍና።

ሁለተኛው ሰበባችሁ «ጋዜጣ አይደርሰንም» የሚል ነው። በኩር ጋዜጣ ከባሕር ዳር ግምጃ ቤት የምትደርሰው አልፎ አልፎ ከሆነ ሬዲዮ በየቤቱ አለ። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በአዊኛም ጭምር ያሰራጫል። ተማሪው ማታ ከእናቱ ጋር ምድጃ ዳር ተቀምጦ በአዊኛ የሰማውን ዜና ጠዋት በአማርኛ ማይክ ላይ ሲያቀርበው እናቱ ያለችውን ለምን አብሮ አያመጣም? የድንችን ዋጋ ከዜናው አንባቢ በላይ እርሷ ታውቀዋለች፤ ገበያ ወጥታ የሸጠችው እርሷ ናት። «ዋጋው ተረጋግቷል» ሲባል «የማን ገበያ ነው የተረጋጋው?» ያለችውን ልጇ ሰምቷል። ያ ለዜና የተሰጠ መልስ ነው፤ እናንተ ግን የእናቱን ቋንቋም የእናቱን ቃልም ከሚኒ ሚዲያው በር ላይ ትመልሱታላችሁ።

እናንተም ተማሪዎች፣ በመምህራኑ ላይ ወቀሳው ሲወርድ አትሳቁ። አንተ ልጄ፣ ርእሱን ብቻ አንብበህ «ጉድ በል አገሬ» ብለህ የጻፍከው፤ ውስጡን ብታነብ ዜናው ያንተን ቁጣ ይቃወም ነበር። አንቺ ልጄ፣ የሞተ ሰው ፎቶ ሥር የሚያለቅስ ፊት ለጥፈሽ ከታች ላለው ቀልድ የሚስቅ ፊት የለጠፍሽው፤ የመጀመሪያው ኀዘን ነበር? ዜና በሰው ላይ የወጣ ነገር ነው፤ በዚያ ስም ጀርባ ቤት አለ፣ እናት አለች፣ ልጅ አለ። ነገ ስለ አባትሽ እንዲህ ቢጻፍ፣ ሥሩ ላይ የሚጽፉት ሰዎች ምን እንዲጠይቁ ትፈልጊ ነበር? ያንን ዛሬ ስለ ማታውቂው ሰው ጠይቂ። ሰው ሁሉ በጮኸበት ቦታ አብሮ መጮኽ ጀግንነት አይደለም፤ የቀዬው ውሻም ያደርገዋል። እናንተ ክበቡ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ባጅ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችኋል። ባጁ ለሠርግና ለስፖርት ውድድር በር ማለፊያ አይደለም። ባጅ ያደረገ ሰው ያላጣራውን ሼር ካደረገ ወቀሳው እጥፍ ነው፤ ሌላው ሰው «ሚኒ ሚዲያ ነው፣ ያውቃል» ብሎ ይከተለዋልና።

ስድብና መልስ መለየት የማትችሉ ከሆነ ቀላል መለያ አለ። የጻፍከው ነገር ዜናውን ያወጣው ሰው ሊመልስልህ የሚችለው ነገር ካለው መልስ ነው። «ሌቦች» ብትለው የሚመልስልህ የለውም። «የውኃ መሥመሩ በመጋቢት ይጠናቀቃል ብላችሁ ነበር፣ ዛሬ ግንቦት ነው፣ የት ደረሰ?» ብትለው መመለስ ወይም ዝም ማለት አለበት፤ ዝም ቢልም ዝምታው ራሱ ዜና ነው።

ወደ መምህራን ልመለስ። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ልጆቹ መብት እንዳላቸው አለመንገራችሁ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት ዐዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የተጠየቀው መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ የከለከለ እንደሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት አለበት፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ዐዋጁ ሲወጣ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ልጅ ገና አልተወለደም ወይም ሕፃን ነበር። ልጁ አደገ፣ ማይክ ያዘ፣ «ተጠቆመ» አለ። ይህን መብት ግን አንድም ቀን በእጁ ይዞት አያውቅም። በሥነ ዜጋ ትምህርት ስለ መረጃ ነፃነት የምርጫ ጥያቄ አውጥታችሁ «ለ» ብሎ መለሰ፣ ማርኩን አገኘ፣ አለቀ።

የሥነ ዜጋ መምህር ሆይ፣ የአማርኛ መምህር ሆይ፣ ተስማሙና አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡኝ። «ለምወድህ ጓደኛዬ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» የሚለውን ደብዳቤ ዘንድሮ ተዉት። በምትኩ የክበቡ ልጆች በዚህ ሳምንት ከሰሙት ዜና ውስጥ ግምጃ ቤትን የሚነካውን አንዱን ይምረጡ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ይሁን፣ የመጻሕፍት ስርጭት ይሁን፣ የፈለጉት ይሁን። ዜናው ምን እንዳለ በሁለት መስመር፣ ምን እንዳላለ በሁለት መስመር ይጻፉ፤ ከዚያ ሦስት ጥያቄ። «ይድረስ ለአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት» ብለው ቀን ጽፈው፣ ፈርመው፣ መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉት፤ ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስመቱ። ያ ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። በሰልፉም ላይ ልጁ ከ«ተጠቆመ» ይልቅ «ጠየቅን፣ መልስ እየጠበቅን ነው» ይበል። መልሱ ሲመጣ መልሱን ያንብብ፤ ካልመጣም አልመጣም ይበል።

ሠላሳ ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ገቢ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነው። አታዘግዩት።